ወንጌል በዳሞትና በመጫ ምድር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ምዕራብ ሸዋ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ፀሓይ መጥለቂያ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ሆለታን፥ አዲስ ዓለምን፥ ጊንጪን አልፎ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም በጉደርና በጌዶ በኩል እስከ ባኮ ይዘልቃል። በዚህ አገር ወንጌል የተሰበከው በአንድ ጊዜ አይደለም። ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ በአንድ ዐይነት መንገድ አልገባም። ይህን ልዩነት ማወቅ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች ሁሉ ይጠቅማል፤ ታሪክ የሚነገረው ለመመካት ብቻ ሳይሆን ለመማርም ነውና።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስታውስ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ለስብከት በላካቸው ጊዜ ከረጢትና ስንቅ እንዳይዙ፥ በገቡበትም ቤት የቀረበላቸውን እንዲበሉ ማዘዙን ወንጌላውያን ጽፈውልናል። ይህ ትእዛዝ ምሥጢር አለው። ሰባኪ በሰው አገር እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ የባለቤቱን ወግ ይማራል፥ በባለቤቱ ቋንቋ ይለምናል፥ በባለቤቱ ማዕድ ይጠግባል። በዓለ ኀምሳም የተሰጠው ስጦታ ይህንኑ ያስረዳል፤ በዚያ ቀን ከየአገሩ የመጡት ሰዎች ሐዋርያትን የሰሟቸው እያንዳንዳቸው በተወለዱበት ቋንቋ ነበረ እንጂ፥ ሕዝቡ ሁሉ የገሊላን አነጋገር እንዲማር አልተገደደም።

እኛም ኢትዮጵያውያን ወንጌልን የተቀበልነው ከእንግዳ እጅ ነው። ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበረ። በልጅነቱ ከኤዴስዮስ ጋር ተማርኮ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገባ፤ በዚያም አደገ፥ የአገሩን ጠባይና ቋንቋ ለመደ፤ ከዚህ በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት ወደ እስክንድርያ ሄዶ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን ተቀበለ። ስለዚህ አባቶቻችን ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ ብለው ጠሩት። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተሰዓቱ ቅዱሳንም ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ። እነርሱ ሕዝቡን ጽርእ ተማሩ አላሉትም፤ ራሳቸው ግእዝን ተምረው መጻሕፍትን ከጽርእ ወደ ግእዝ መለሱልን እንጂ። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው የብራና ወንጌል በዓለም ካሉት ጥንታውያን ወንጌሎች አንዱ እንደ ሆነ ሊቃውንት በምርመራ አረጋግጠዋል። ልብ አድርጉ፤ ዛሬ የእኛ ብለን የምንመካበት ግእዝ፥ በዚያን ዘመን የሕዝቡ መነጋገሪያ ነበረ።

አሁን ወደ ምዕራብ ሸዋ እንመለስ። በ13ኛው መቶ ዓመት ከዓባይ በስተ ደቡብ፥ ከሙገርና ከአዋሽ ምንጭ በስተ ምዕራብ ዳሞት የሚባል ታላቅ መንግሥት ነበረ። የዳሞት ንጉሥ ሞተለሚ ኀይሉ እስከ ሸዋ ክርስቲያኖች ድረስ ይደርስ ነበርና፥ ወታደሮቹ እግዚእ ኀረያን ማርከው እንደ ወሰዷትና በቅዱስ ሚካኤል ረድኤት እንደ ዳነች ገድሉ ይነግረናል። ይህች ሴት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት እናት ናት። ሰው በሥጋዊ ልማድ ቢያስብ፥ የዚህች እናት ልጅ ካደገ በኋላ ወደ ዳሞት የሚሄደው ለበቀል ነው ይላል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ግን ወደ ዳሞት የሄዱት ቃለ እግዚአብሔርን ይዘው ነው። ሠራዊት አልተከተላቸውም፥ የንጉሥ ደብዳቤም አልያዙም። ሞተለሚ ከገደል እንዳስወረወራቸው፥ እግዚአብሔርም እንደ ጠበቃቸው፥ በመጨረሻም ንጉሡ ራሱ አምኖ እንደ ተጠመቀ ገድላቸው ይተርካል። እናቱን የማረከውን ሰው በውሃና በመንፈስ ወለደው፤ ከዚህ የበለጠ ድል የት ይገኛል?

ከዚህ በኋላ በ1309 ዓ.ም. አካባቢ ዐፄ ዐምደ ጽዮን ዳሞትን በጦር አስገበሩ። ስለዚህ በዳሞት ወንጌሉ ቀደመ፥ ጦሩ ተከተለ ማለት ነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ደብረ አስቦም፥ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው፥ የሰባክያን ቤት ሆነ። በአቡነ ፊልጶስ ዘመን፥ ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብ ወደ አገራችን ከመጡ በኋላ፥ የሸዋና የአካባቢው አገር ለዐሥራ ሁለት መምህራን ተከፍሎ ተሰጠ። ከነዚህም አድኀኒ ወደ ዳሞት፥ አኖሬዎስ ወደ ወረብ ተላኩ። እያንዳንዱ መምህር ወደ ደረሰው አገር ወርዶ በዚያ ኖረ፥ በዚያ አስተማረ።

ስለ እነዚህ አባቶች ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። ንጉሡ ዐፄ ዐምደ ጽዮን በጋብቻ ነገር የቤተ ክርስቲያንን ሥርዐት በተላለፉ ጊዜ፥ አቡነ ፊልጶስና አቡነ አኖሬዎስ በግልጥ ገሠጿቸው። ስለዚህም ተገረፉ፥ ከገዳማቸውም ተሰደዱ፤ አቡነ ፊልጶስ በስደት እንዳሉ ዐረፉ። እንግዲህ ምእመናን ሆይ፤ ለሕዝቡ የሰበኩት አፍ ለንጉሡም እውነትን ተናገረ። የዳሞት ገበሬ እነዚህን መነኮሳት ባየ ጊዜ የንጉሥ ሎሌዎች ናቸው ሊል አልቻለም፤ ለእውነት ሲሉ በንጉሥ እጅ የተገረፉ መሆናቸውን ያውቅ ነበርና።

ከዚህ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። የኢማም አሕመድ ጦር ሸዋን አጥለቀለቀ፤ ደብረ ሊባኖስም በ1523 ዓ.ም. ተቃጠለች። አብያተ ክርስቲያናት ጠፉ፥ ካህናትም ተበተኑ። ቀጥሎም የኦሮሞ ሕዝብ እየሰፋ መጥቶ የመጫ ጐሣዎች ከአምቦ እስከ ወለጋ ያለውን አገር ያዙ። በጌዶ አካባቢ በሚገኘው በኦዳ ቢሲል የገዳ ሸንጓቸውን አቆሙ፥ ሕግም አወጡ። ለሦስት መቶ ዓመት ያህል በዚህ አገር የቅዳሴ ድምፅ በብዙ ቦታ ዝም አለ።

ነገር ግን ሕዝቡ ያለ ፈጣሪ አልኖረም። የመጫ ሰው ሰማይና ምድርን የፈጠረ አንድ ዋቃ እንዳለ ያምን ነበር፤ በውሸት መማልን፥ የድሀን ነገር ማጣመምን እንደ ታላቅ ኀጢአት ይቈጥር ነበር። የጥንቱ ክርስትናም አሻራውን ፈጽሞ አላጠፋም። የመጫ ሴቶች በምጥ ጊዜ ማራም ብለው ይማጸናሉ፤ ይህም ስም የእመቤታችን የማርያም ስም ትዝታ እንደ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። የመስቀልንም እሳት ጉባ ብለው ያቀጣጥላሉ። ቤተ ክርስቲያንን በራሳቸው አንደበት በተስካና ብለው ይጠሯታል። በአምቦና በወሊሶ መካከል በወንጪ ሐይቅ ደሴት የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች፤ በዝቋላ ተራራም የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በዓል ለማክበር አማራውም ኦሮሞውም አብሮ ይወጣል። ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ለማይታወቅ አምላክ የተሠራ መሠዊያ ባየ ጊዜ ሕዝቡን አልሰደበም፤ እናንተ ሳታውቁ የምታመልኩትን እኔ እነግራችኋለሁ ብሎ ከዚያው ጀመረ እንጂ። በመጫ ምድርም ለሰባኪ የሚሆን እንዲህ ያለ መነሻ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር።

ሁለተኛው ስብከት የመጣው በ1870ዎቹ የንጉሥ ምኒልክ መንግሥት ወደ ምዕራብ በሰፋ ጊዜ ነው። ራስ ጐበና ዳጨ፥ ራሳቸው የቱለማ ኦሮሞ ሲሆኑ፥ ጦሩን መሩ፤ በ1874 ዓ.ም. ከእምባቦ ጦርነት በኋላ ከዓባይ በስተ ደቡብ ያለው የምዕራብ አገር ለሸዋ ገባ። ከዚህ ቀጥሎ አብያተ ክርስቲያናት በየኮረብታው ተተከሉ። በ1890ዎቹ ዐፄ ምኒልክ ለዋና ከተማ አስበው በአዲስ ዓለም ያሠሩት ቤተ መንግሥት ወደ ማርያም ቤተ ክርስቲያንነት ተለወጠ፤ እስከ ዛሬም ድረስ ለምዕራብ ሸዋ ምእመናን ታላቅ ደብር ናት። ባላባቶችም ተጠመቁ። በወለጋ የሌቃው ገዥ ኩምሳ ሞረዳ ተጠምቀው ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። ባላባቱን ተከትሎ ሕዝቡ በብዛት ወደ ጥምቀት መጣ።

ጥምቀቱ እውነተኛ ጥምቀት ነው፤ ጸጋው በሰው ድካም አይጐድልም። ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባናል። በዚህ ጊዜ ጦሩ ቀደመ፥ ወንጌሉ ተከተለ። ለካህናት መተዳደሪያ የሰሞን መሬት ተሰጠ፤ ያን መሬት የሚያርሰው ደግሞ ትናንት የመሬቱ ባለቤት የነበረው ገበሬ ሆነ። ገበሬው ቄሱን በመጀመሪያ ያወቀው በመቅደስ ሳይሆን በዐውድማ ነው። እህል ሊቀበል የመጣውን ሰው የነፍስ አባቱ አድርጎ ለመቀበል ለማንም ሰው ይከብዳል። ከዚህም በላይ ካህኑ ከሰሜን መጥቶ አማርኛ ይናገራል፥ በግእዝ ይቀድሳል፤ ገበሬው ግን ኦሮምኛ ይናገራል። ሕፃኑን ለክርስትና ያመጣል፥ ጾሙን ይጾማል፥ በቅዳሴ ይቆማል፤ ነገር ግን የተሰበከው ምን እንደ ሆነ ማን ይተርጕምለት?

ለሁሉም አንድ ፍርድ መፍረድ ግን አይገባም። ከመጡት ካህናት ብዙዎቹ በዚያው ተጋቡ፥ በዚያው አረጁ፥ ልጆቻቸውም ኦሮምኛን ከእናት ጡት ጋር ጠቡ። ታሞ የተኛውን ሊጠይቁ በሌሊት የወንዝ ሙላት የተሻገሩ፥ በዕድር የተቀመጡ፥ ጠበኛን ያስታረቁ ነበሩ። የአብነት ትምህርት ቤትም የኦሮሞን ልጅ ተቀብሎ አስተምሯል። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በልጅነታቸው ግእዝንና ቅኔን የተማሩት በዚያው አገር ነው፤ የኦሮሞውን ቃልና የግእዙን ምሥጢር ባንድ አንደበት ይዘው ለኢትዮጵያ ታላቅ ባለቅኔ ሆኑ። ሁለቱ ወንዞች ባንድ ሰው ልብ ሲገናኙ ምን ዐይነት ፍሬ እንደሚገኝ ከዚህ ይታያል።

ሕዝቡ በቋንቋው ቃሉን ለመስማት የነበረውን ጥማት ግን ሌሎች ቀድመው አዩት። ዮሐን ክራፕፍ የተባለ ጀርመናዊ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ መጥቶ ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. ተቀመጠ፤ ወዲያው ወንጌልን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ተነሣ። ኋላም በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. የሐዲስ ኪዳን ትርጕም በእኛው ፊደል ታተመ፤ ተርጓሚውም የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት አለቃ ዘነብ ነበሩ። ስለዚህ የኦሮምኛ መጽሐፍ ለእኛ ፊደልና ለእኛ ሊቃውንት ባዕድ አልነበረም ማለት ነው።

ከእርሳቸውም በኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ ተነሣ። ይህ ሰው በኢሉባቦር በሁሩሙ ተወልዶ በሕፃንነቱ በባርነት ተሸጠ፤ በ1862 ዓ.ም. በምጽዋ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ። እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ እየረዳችው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ ኦሮምኛ ተረጐመ፤ መጽሐፉም በስዊስ አገር በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ገብቶ በሕዝቡ ቋንቋ ማስተማር ጀመረ። በትምህርተ ሃይማኖት ከእኛ የተለየ ነበርና፥ በ1898 ዓ.ም. የአገሩ ካህናት እመቤታችንን ነቅፏል ብለው በአቡነ ማቴዎስ ፊት ከሰሱት። ጳጳሱ ከአገሩ እንዲወጣ ፈረዱ፤ ዐፄ ምኒልክ ግን ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ፥ ነገር ግን እንዳይሰብክ አዘዙ። ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖቷን መጠበቋ የተገባ ነው። ሆኖም ልባችንን የሚወጋው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ካህናቱ ከሳሹን ቃል ሲያዘጋጁ፥ ሕዝቡ በቋንቋው የሚሰማውን የቀናች ሃይማኖት ትምህርት ማን ያዘጋጅለት ነበር? የተራበን ልጅ የጎረቤት እንጀራ አትብላ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ በእናቱ ቤት ምጣድ መጣድ አለበት።

ከጠላት ወረራ በኋላ በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስለ ሚሲዮኖች ሥራ ድንጋጌ አወጣ። አገሩ በሁለት ተከፈለ፤ በቤተ ክርስቲያን ክልል የውጭ ሚሲዮኖች ሃይማኖት እንዳያስለውጡ ተከለከሉ፥ በሌላው ክልል ግን እንዲያስተምሩ ተፈቀደ። የትምህርቱም ቋንቋ ባጠቃላይ አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ። ይህ ሕግ ለቤተ ክርስቲያን እንደ አጥር ነበረ። ነገር ግን አጥር አውሬን ይከለክላል እንጂ እርሻን አያርስም። በአጥሩ ውስጥ ያለው መሬት ሳይታረስና ሳይዘራ ከቈየ፥ አጥሩ በፈረሰ ቀን የሚገኘው አረም ብቻ ነው።

አጥሩም ፈረሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን የሰሞን መሬት ቀረ፤ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት አንድነትም አበቃ። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ጥፋት ብቻ አዩት። ነገር ግን አስተውሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምዕራብ ሸዋ ቄስ ከገበሬው ዐውድማ የሚቀበለው ግብር የለም፤ ምእመናን በፈቃዳቸው ከሚሰጡት በቀር። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ካህኑ ወደ አድኀኒና ወደ አኖሬዎስ ድህነት ተመለሰ ማለት ነው። ድህነት ለሐዋርያ ውርደት አይደለም፤ በዚያ ድህነት ውስጥ ሆነው ቤተ ክርስቲያናቸውን ሳይዘጉ ያቆዩ፥ ቀን እያረሱ ሌሊት የቀደሱ ካህናት ስማቸው ባይጻፍም ዋጋቸው በሰማይ ነው።

የቋንቋው ነገር ግን ሳይፈጸም ቈየና በእኛ ዘመን ሆድ አስባሰ። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. በወሊሶ አካባቢ ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ የጳጳሳት ሹመት ተፈጸመ፤ ለዚህም ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ በቋንቋው የሚያገለግለው እረኛ ዐጥቷል የሚል ነበረ። የሥርዐት መጣስ በምንም ምክንያት አይጸድቅም፤ ከዚያ የተነሣ ደም ፈሰሰ፥ ወንድም ከወንድሙ ተለያየ። በየካቲት ወር እርቅ ተደረገ፤ በሐምሌም ቅዱስ ሲኖዶስ በሥርዐቱ ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ። ቍስሉ እንዲሽር ግን የእርቅ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ቍስል የሚሽረው ከሥሩ ሲታጠብ ነው።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ምን እንማር?

አንደኛ፤ ካህን ወደ ተላከበት አገር ሲሄድ የአገሩን ቋንቋ መማር እንደ ዳዊትና እንደ ውዳሴ ማርያም የአገልግሎቱ መጀመሪያ ይሁን። ሐዲሳትን ተምሮ አንድምታውን የሚያውቅ ሊቅ፥ ጉደር ወይም ጌዶ ገበያ ውስጥ ላገኛት አሮጊት አንዲት የወንጌል ምሳሌ በኦሮምኛ ሊነግራት ካልቻለ፥ ዕውቀቱ በጋን ውስጥ እንዳለ መብራት ነው። ንስሐ የምትገባ ነፍስ ኀጢአቷን በአስተርጓሚ ልትናዘዝ አይገባትም።

ሁለተኛ፤ የመጫን ልጅ ተማሪ ብቻ ሳይሆን መምህር እናድርገው። ዛሬ በብዙ ደብር ቅዳሴና ስብከት በኦሮምኛ ይሰማል፤ ይህ የአባ ሰላማና የተሰዓቱ ቅዱሳን ሥራ ተከታይ ነው እንጂ አዲስ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት በቆሎ ለሚማር የገጠር ልጅ እንጀራና ልብስ የሚሰጥ ሁሉ፥ ለሚመጣው ዘመን ሐዋርያ እያሳደገ መሆኑን ይወቅ።

ሦስተኛ፤ ከቤተ ክርስቲያን የወጣውን ወንድም በስድብ አንጥራው። በምዕራብ ሸዋ ዛሬ በአንድ ቤት እናት ኦርቶዶክሳዊት፥ ልጅ ፕሮቴስታንት ሆነው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። የጠፋውን በግ ፈላጊ እረኛ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የሄደው በዱላ ሊመታው አይደለም፤ በትከሻው ሊሸከመው ነው። ለምን ወጣህ ብለን ከመጠየቃችን በፊት፥ በነበረበት ጊዜ ምን መገብነው ብለን እንጠይቅ።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት እናታቸው ወደ ተማረከችበት አገር ይዘውት የሄዱት መስቀልና ቃል ብቻ ነበረ። በዚህ አገር ላይ ካለፉት መንግሥታት ሁሉ የዳሞት መንግሥት ስሙ ብቻ ቀርቷል፥ የሰሞኑም መሬት አልፏል፥ የድንጋጌውም አጥር አልፏል። የሄዱት አባት ስም ግን በየወሩ በ24ኛው ቀን በየደብሩ ይጠራል። የትኛው ዘር እንደ በቀለ ከዚህ ይታወቃል።

የሰማያት አምላክ እግዚአብሔር የአባቶቻችንን ቅንዐት በእኛ ልብ ያሳድር፤ ካህናትን በትሕትና፥ ምእመናንን በፍቅር ያጽና። በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚያመሰግኑትን ልጆቹን በአንድ ሃይማኖት፥ በአንዲት ጥምቀት ይሰብስብ። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።